የቸክ መጨረሻ፦ ተሸውደናል ወይስ አልተሸወድንም?

አምባዛ፦ እሺ ጎበዝ፣ እሁድ አሞራ ገደል ዓሣ ላይ የተጀመረው ጭቅጭቅ እዚህ ይለቅ። የቸክ (የአሜሪካው የሰላይ ድራማ) 5ኛ ሲዝን አጨራረስ ተሸውደናል ወይስ አልተሸወድንም? ለረሳ ሰው ባጭሩ፦ ቸክ ባይ ሞር የሚባል ኤሌክትሮኒክስ መሸጫ ውስጥ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፣ የመንግሥት ሚስጥር በሙሉ ጭንቅላቱ ላይ ይጫንበታል (ኢንተርሴክት የሚሉት)፣ ሲአይኤ ሳራን ጠባቂ አርጎ ይልክለታል፣ ከዛ ሳቅ ነው ድብድብ ነው ፍቅር ነው እያለ 91 ክፍል ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የተበላሸ ኢንተርሴክት የሳራን የአምስት ዓመት ትዝታ ድምጥማጡን ያጠፋዋል፣ ባሏን ቸክን አታውቀውም። ባህር ዳርቻ ቁጭ ብለው ታሪካቸውን ይነግራታል፣ ሳመኝ ትለዋለች፣ ይስማታል፣ ስክሪኑ ጨለማ። አለቀ። አስታወሰች አላስታወሰችም የሚል ነገር የለም።

ሚሚ የፒያሳ፦ አንተ ደሞ ዜና እያነበብክ ነው እንዴ 😂 ተሸውደናል! ይሄ ጥያቄም አይደለም። እኔ ቸክን የጀመርኩት ልሳቅ ብዬ ነው፣ ጄፍና ሌስተር የሚባሉት የባይ ሞር ሠራተኞች ሱቁን ሲያምሱት፣ ሌላኛው ጠባቂው ኬሲ እያጉረመረመ መሣሪያውን ሲወለውል፣ እንደዛ ነገር። አምስት ሲዝን ሙሉ እነዚህን ሁለት ሰዎች እንድወዳቸው አርገው አርገው ሁለት ክፍል ሲቀር በአንድ መነፅር (ኢንተርሴክቱ የሚጫንበት) ደመሰሱት። እሺ ትርሳው፣ ግን ትመለስ እንጂ! አክተሩ ሚስቱን ካላገኘ ምኑን አክተር ሆነ?

ባጃጁ፦ አክተር አይሞትም ነው እንጂ የአክተር ሚስት አትረሳም የሚል ሕግ የለም እኮ ሚሚዬ

የታቦር ልጅ፦ ሚሚ ንዴትሽ ይገባኛል ግን ደስ የሚለውን አጨራረስ እኮ ሰጥተውሻል፣ አንቺ ነሽ የዘለልሽው። የ4ኛው ሲዝን መጨረሻ፣ ሜይ 2011፣ ሳራ ተመርዛ ልትሞት ደርሳ ተርፋ ቬሎ ለብሳ ተጋቡ አይደል? ከዛ በላይ ምን ይምጣ። ይሄ ድራማ ሁሌም ሊዘጋ ነው እየተባለ የኖረ ነው፣ 1ኛው ሲዝን በጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት 13 ክፍል ላይ ቀረ፣ 2ኛው ሲያልቅ የሚያሳየው ጣቢያ ኤንቢሲ ሊያቆመው ነው ሲባል ደጋፊዎቹ ምን አረጉ፣ ኤፕሪል 27/2009 የሲዝኑ መጨረሻ በሚታይበት ቀን ሁላችሁም ሰብዌይ ሄዳችሁ ሳንዱች ግዙ ተባባሉ፣ ምክንያቱም ሰብዌይ ድራማው ላይ ማስታወቂያ ያስነግር ነበር። በቃ ድንጋይ ሳይወረወር ሳንዱች ተበልቶ ድራማው ተረፈ። ዛካሪ ሊቫይ ራሱ (ቸክን የሚሠራው) እንግሊዝ በርሚንግሃም ደጋፊ አስከትሎ ሰብዌይ ገብቷል። እና ጸሐፊዎቹ በየሲዝኑ ምናልባት ይሄ የመጨረሻችን ነው ብለው ነው የሚጽፉት፣ ቸክ በኢንተርሴክቱ ኩንግ ፉ የቻለበትን 2ኛው ላይ ተጠቀሙበት፣ ሰርጉን 4ኛው ላይ ተጠቀሙበት። 5ኛው ላይ ድጋሚ ሰርግ ይደግሱ ወይ?

የአቶቴው፦ ቆይ ቆይ ቆይ። 5ኛ ሲዝን አለው እንዴ???

አምባዛ፦ እንዴት ማለት

የአቶቴው፦ ለኔ ፍላሽ ላይ የጫነልኝ ልጅ እስከ 4 ጭኖ አልቋል ነው ያለኝ። ሰርጉን አየሁ፣ የቸክ ጓደኛ ሞርጋን መነፅሩን አርጎ ኩንግ ፉ ቻልኩ ሲል ስቄ ላፕቶፑን ዘጋሁ። ስንቱን ሰው እዩት አጨራረሱ ያምራል ብዬ አስጀምሬያለሁ። አሁን እናንተ የምታወሩት ስለ ሌላ ፊልም መስሎኝ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር

ሚሚ የፒያሳ፦ ውይ የኔ ወንድም እንዳትጭነው በናትህ! እንደዛው ኑር!

የታቦር ልጅ፦ ይኸው! ምስክር መጣ። ደስታውን የፈለገ 4ኛው ላይ ማቆም ይችላል፣ ማንም አልከለከለም። 5ኛው ሌላ ነገር ነው የሚጠይቀው፣ ያ ሁሉ ቢወሰድባቸውስ ድጋሚ ይመራረጣሉ ወይ ነው።

ሚሚ የፒያሳ፦ ይሄ ቆንጆ ወሬ ነው፣ ግን ማን አርጉልኝ አላቸው? ሰላይ ኮሜዲ ነው ብለው ነው የሸጡልኝ።

ጋሽ ቴክኒክ፦ እንደምን አመሻችሁ ልጆች። እኔ ይሄን ፊልም የወደድኩት ልጁ ጠጋኝ ስለሆነ ነው፣ የሙያ ወገንተኝነት በሉት። መናኸሪያ አካባቢ ሱቄ ስልክ ይዘው ይመጣሉ፣ ተሰባብሯል፣ ውሃ ገብቶበታል፣ ስልኩን ተወው ፎቶዎቹን ብቻ አውጣልኝ ይሉኛል፣ በተለይ እናቶች። አንድ ፋይል ከሃርድ ዲስክ ላይ ጠፋ ሲባል ብዙ ጊዜ የጠፋው የት እንዳለ የሚናገረው ማውጫ ነው፣ ዕቃው ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዛው ተቀምጧል። የሳራም እንደዛ ነው ያሳዩን። በርሊን ሲሄዱ ያ የቋሊማ ቤት ውስጥ፣ ዊነርሊሸስ፣ 1ኛው ሲዝን ላይ ትሠራበት የነበረው ዓይነት፣ ሳታውቀው እጇ ብርጭቆዎቹን መደርደር ይጀምራል። ማንም አላዘዛትም። ማውጫው ነው የጠፋው፣ ዕቃው አለ።

ባጃጁ፦ ጋሼ እርሶ እኮ ሲአይኤ ቢቀጥርዎ 😂😂

ሚሚ የፒያሳ፦ ጋሼ ይቅርታ ያርጉልኝና ብርጭቆ መደርደር ባል ማስታወስ አይደለም። የእጅ ልምድ ነው። እኔም ተኝቼ ቡና ማፍላት እችላለሁ።

ጋሽ ቴክኒክ፦ ልክ ነሽ ልጄ፣ ብርጭቆው ብቻ ቢሆን። ኮንሰርቱ ጋስ?

የታቦር ልጅ፦ አዎ እሱን ላምጣው፣ እኔ ለዚህ ነው አልተሸወድንም የምለው። የነቸክ አለቃ ጄኔራል ቤክማን የተቀመጠችበት አዳራሽ ላይ ቦምብ ተጠምዷል፣ ሙዚቃው ካቆመ ይፈነዳል፣ ስለዚህ ጄፍና ሌስተር መድረክ ላይ ወጥተው ይጫወታሉ (አንቺ የፈለግሽው ኮሜዲ ይሄው)። ቸክ እጁ ላይ አንድ የቀረ ደህና ኢንተርሴክት አለ፣ የሳራን ትዝታ ሊመልስ ይችል የነበረው። እሱን ራሱ ላይ ጫነው አዳራሽ ሙሉ ሰው ለማዳን። ያ ነው ትዊስቱ፣ መሳሙ አይደለም። ከዛ ግን ቦምቡን ያከሸፈው ምንድነው? ኢንተርሴክቱ አይደለም። ሳራ ናት አይሪን ዴሞቫ ብላ ያስታወሰችው፣ ያ ከብልግና ሳይት የሚመጣው የኮምፒውተር ቫይረስ፣ ቸክ በመጀመሪያው ክፍል ቦምብ ያከሸፈበት። 2007 ላይ ሳቅንበት፣ 2012 ላይ አዳናቸው። ያን ሁሉ የረሳች ሴት የምታስታውሰው የመጀመሪያ ነገር እሱ ከሆነ ሌላው ቀስ እያለ አይመጣም ነው የምትይኝ?

ባጃጁ፦ እኔ ሚስቴ ብትሆን አዳራሹ ይፈንዳ ነበር የምለው በግልፅ ልንገራችሁ

አምባዛ፦ አንተ ሚስት የለህም

ባጃጁ፦ ለዛ ነው ጄፍና ሌስተርን የምወደው

ሚሚ የፒያሳ፦ እሺ ታቦር፣ ይሄን ቫይረስ ነገር አልፌው ነበር፣ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ተመልከት፣ ሁላችሁም ስለ ሳራ ነው የምታወሩት። ሳራ እኮ ምን እንደጠፋት አታውቅም፣ ስለዚህ አይጎዳትም። የተቀጣው ቸክ ነው። ያን ሁሉ አምስት ዓመት ብቻውን ተሸክሞ አሸዋ ላይ ቁጭ ብሎ የራሱን ሰርግ ለራሱ ሚስት እንደ ተረት ያወራላታል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ላዳነ ሰው ይሄ ነው ደሞዙ? ትሳቅ፣ ታልቅስ፣ ሳመኝ ትበል፣ ጠዋት ስትነሳ ታውቀዋለች ወይ? እሱን ሳይነግሩኝ ካሜራውን ዘጉት። ፈርተው ነው። ስታስታውስ ቢያሳዩ ርካሽ ነው ይባላሉ፣ ሳታስታውስ ቢያሳዩ ሕዝብ ይጮህባቸዋል፣ ስለዚህ መሃሉ ላይ ቆመው ጥበብ ነው አሉን።

የታቦር ልጅ፦ ሳመኝ ያለችው ማናት ታዲያ? የሞርጋንን በአንድ መሳም ትዝታዋ ይመለሳል የሚል ሃሳብ ቸክ ራሱ እየሳቀ ነው የነገራት፣ ቅዠት ነው ብሎ። እሷ ናት እንሞክረው ያለችው። አንድ ሰላይ የማታውቀውን ሰው በገዛ ፈቃዷ ሳመኝ ካለች ለኔ ቸክ አልከሰረም።

ሚሚ የፒያሳ፦ አልከሰረም ለማለት ነገ ጠዋትን ማየት አለብኝ ነው የምልህ።

ጋሽ ቴክኒክ፦ ሚሚ እዚህ ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ ልጄ። ደንበኛዬ ፎቶው ወጣ ወይ ሲለኝ ይመስለኛል ብዬ አላሰናብተውም።

የአቶቴው፦ እኔ ግን ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ 5ኛውን ልጫን ነው መሰለኝ። ማነው ያለው?

ሚሚ የፒያሳ፦ አትጫን አልኩህ እኮ!!

አምባዛ፦ እኔ ጋ አለ፣ ነገ ፍላሽህን ይዘህ ፍቅር ሐይቅ ና። እስከዛ ፖል ልክፈት፣ ተሸውደናል የሚል 1፣ አልተሸወድንም የሚል 2

ባጃጁ፦ 2 ግን መብራት ሄዷል ባትሪዬም 4% ናት፣ ብዙ አታጨቃጭቁኝ