የልጁ ዘር ይቀመጥ ወይስ መድኃኒቱ ይገዛ?

የዛሬ ክርክራችን፦ ካንሰር የያዘው ወንድ ልጅ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ከዘር ፍሬው ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ በቅዝቃዜ ይቀመጥለታል። ሲያድግ ከእሱ ስፐርም ማግኘት ይቻል ይሆናል ተብሎ። ጅማ ላይ ይጀመር? ወይስ ቅንጦት ነው?

የሄርማታው (የጅማ ሰፈር ነው)፦ ቅንጦት ነው። መድኃኒት ሲጠፋ ስንቱ ቤተሰብ ነው 350 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ የሚሄደው? መጀመሪያ ልጁ ይዳን።

ነርሷ፦ ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ስፐርም አለው። ስፐርሙን የሚሰጥበት ኩባያ ይሰጠዋል፣ በጣም በሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀመጥለታል፣ አለቀ። ይሄ የቆየ አሠራር ነው። ከባዱ የሕፃኑ ነው። ያለው ገና ስፐርም ያልሆነ ግንድ ሴል ብቻ ነው። በ2011 ጃፓኖች የአይጥ ዘር ፍሬ ላብራቶሪ ውስጥ አሳድገው ስፐርም አግኝተዋል፣ ግልገልም ተወልዷል። በ2019 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከቀዘቀዘ ቁራጭ በተገኘ ስፐርም ጦጣ ተወለደች። በሰው ላይ ግን ገና ሙከራ ነው። ደሞ ሉኪሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር ከሆነ፣ ቁራጩን መልሶ መትከል ካንሰሩንም አብሮ ሊመልስ ይችላል።

የከብት አዳቃዩ፦ ቅዝቃዜው ለጅማ ብርቅ አይደለም። እኔ የኮርማ አባላዘር በናይትሮጅን ታንክ ጭኜ በሞተር ገበሬው ደጅ እሄዳለሁ። ችግሩ ናይትሮጅኑ ይተናል። በጊዜው ካልተሞላ ያለው ሁሉ ይበላሻል። አንዴ ደርሶብናል። የኮርማ ስለሆነ ማንም አላለቀሰም። የሰው ልጅን 15 ዓመት ማን እየሞላ ይጠብቅለታል?

የሄርማታው፦ ይኸው! እኔስ ምን አልኩ?

የቆጪ ልጅ (ቆጪም የጅማ ሰፈር ነው)፦ እኔ 19 ዓመቴ ነበር። ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ያዘኝ። ሐኪሙ ፀጉርህ ይረግፋል አለኝ። ያቅለሸልሽሃል አለኝ። ስለ ልጅ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ዛሬ 31 ሞላኝ። ተመርምሬ ስፐርምህ ዜሮ ነው ተብያለሁ። አማቴ በየበዓሉ የልጇን ሆድ ታያለች። ጎረቤት መካን የሚላት ሚስቴን ነው፣ እኔን አይደለም።

የሄርማታው፦ አይዞህ ወንድሜ። ግን ድነሃል እኮ።

የቆጪ ልጅ፦ ተመስገን፣ ድኛለሁ። ኩባያዋ ግን ስንት ብር ነበረች?

የሕግ ተማሪ፦ የ6 ዓመት ልጅ አይፈርምም፣ ወላጅ ነው የሚፈርመው። እሺ፣ ልጁ ቢሞትስ? ቁራጩ የማን ነው? አያት ዘሬ ይቀጥል ብትልስ?

አወያይ፦ ጥያቄው ጥሩ ነው፣ መልስ የሰጠ ግን የለም። በእኔ በኩል የአዳቃዩ ታንክ ይበልጥ አስፈርቶኛል። የሕፃናቱ ነገር ናይትሮጅን ሞይው እስኪታወቅ ይቆይ። የቆጪው ልጅ የጠየቀው ግን ታንክ አይደለም። ቀድሞ የሚነግረው ሰው ነው።

አባ ቡና፦ ነርሷ እህቴ፣ የእኔ 15 ዓመቱ ነው። ሰኞ ኬሞ ሊጀምሩለት ነው። ማንን ልጠይቅ?

ነርሷ፦ ድምፁ ተለውጧል ጋሼ?

አባ ቡና፦ አዎ፣ ከአምና ጀምሮ።

ነርሷ፦ እንግዲያው ሰኞን አይጠብቁ። ዛሬውኑ ሐኪሙን ያናግሩት። መርፌው ከተጀመረ በኋላ የሚወሰድ ስፐርም የተጎዳ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ክፍል አለ። የልጅዎን ያስቀምጡለት እንደሆነ ይደውሉላቸው። ልጁን ደግሞ እርስዎ ሳይሆኑ ሐኪሙ ለብቻው ያናግረው፣ ያፍርብዎታል።