ብዙ ሲያልበን አልዶስተሮን ለምን ይጨምራል?

እባካችሁ የሰውነት የውሃ ሚዛን ላይ እርዱኝ። የኤዲኤች (ኩላሊት ውሃ እንዲያስቀር የሚያደርገው ሆርሞን) ሥራ ገብቶኛል። ደም ውስጥ ውሃ ሲያንስና ጨው ሲበዛ አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ያውቃል። ከአንጎል ሥር ካለው ፒቱታሪ ዕጢ የኋላ ክፍል ኤዲኤች ይለቀቃል። ኩላሊት ውስጥ ያሉት ሰብሳቢ ቱቦዎች ውሃ በደንብ ያሳልፋሉ፤ ውሃው ወደ ደም ይመለሳል፣ ሽንት ይቀንሳል። እንዴት ደስ የሚል አሠራር ነው!

የተቸገርኩት አልዶስተሮን የሚባለው ሆርሞን ላይ ነው። ከኩላሊት በላይ ካለው አድሬናል ዕጢ ይወጣል፣ ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) ያስቀራል፣ ውሃም ሶዲየሙን ይከተላል። እሺ። ግን ብዙ ሲያልበን የምናጣው ከጨው ይልቅ ውሃ ነው። ደማችን ውስጥ የጨው ክምችት ቀድሞውኑ ጨምሯል። ታዲያ ሬኒን (ኩላሊት የሚለቀው፣ አልዶስተሮን እንዲጨምር የሚያደርግ ኢንዛይም) ተነስቶ ሌላ ሶዲየም የሚያስቀረው ለምንድን ነው? የደም መጠን ከክምችቱ ይቀድማል ማለት ነው? ሁለቱ ሆርሞኖች አብረው ሲጨምሩስ ክምችቱ በምን ይስተካከላል? በቅደም ተከተል የሚያስረዳኝ ካለ ከልብ አመሰግናለሁ።