የአማርኛ ክፍል አስተማሪዎቻችንን ማን ያሰልጥንልኝ?

የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ7 ዓመት ልጄ የኦቾሎኒ አለርጂ አለባት። አንዴ ቆሎ ውስጥ ተቀላቅሎ በላችና ወዲያው ከንፈሯ አበጠ፣ ትንፋሿ አጠረ። ያተረፈልኝ ኤፒፔን፣ ማለትም ለከባድ አለርጂ ወዲያው የሚወጋው የመድኃኒት መርፌ ነው።

መደበኛ ትምህርት ቤቷ ብዙ አያሳስበኝም። የግዛቲቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ መድኃኒቱን ያስቀምጣሉ። ጭንቀቴ የቅዳሜው የአማርኛ ክፍል ነው። አስተማሪዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ እንደ ልጃቸው ይወዷታል። መርፌውን ግን ፈሩት። አንዷ እትዬ፣ «የኔ ልጅ፣ ብሳሳትና አንድ ነገር ብትሆንብኝስ?» አሉኝ። ሌሎቹ «መጀመሪያ የአለርጂ ኪኒን እንስጣት» ይላሉ። ኪኒን እኮ ማሳከኩን ቢያስታግስ እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም! መርፌው ጭኗ ላይ፣ በውጪ በኩል ይወጋል፤ ልብሷን ማውለቅም አያስፈልግም። ወዲያው 911 ይደወላል። እኔ ስናገረው ግን የእናት ፍርሃት ይመስላቸዋል።

መርፌም መድኃኒትም የሌለው መለማመጃ አለኝ። የቸገረኝ በአማርኛ ተረጋግቶ የሚያሳያቸው ባለሙያ ነው። እዚህ አካባቢ ያላችሁ ነርሶች፣ አንድ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ትሰጡኝ ይሆን? በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ ያላችሁም እባካችሁ ላኩልኝ። ደግሞስ እናቶች ለበዓል የሚያመጡትን ቆሎ ሳላስቀይማቸው እንዴት ላስቀር?