ዎርድፕሬስ ወይስ ድሩፓል?

ጠያቂው፦ ሰላም ጓዶች፣ የመስሪያ ቤታችንን ዌብሳይት እንደ አዲስ ልንሰራው ነው፣ ብዙ ገጽ አለው፣ በሶስት ቋንቋ፣ የሚጽፉበት ሰዎች ደግሞ ኮድ የሚባል ነገር አያውቁም። ከዌብሳይት መስሪያ ሶፍትዌሮቹ አለቃዬ ድሩፓል ይላል ለኔ ግን ዎርድፕሬስ ይቀለኛል፣ ምን ትላላችሁ?

ባክኤንድ፦ ለሶስት ቋንቋ ድሩፓል ይሻላል ባይ ነኝ፣ ከቨርዥን 8 ጀምሮ የትርጉሙ ነገር አብሮት ነው የሚመጣው፣ ዎርድፕሬስ ላይ ግን ፕለጊን (የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) መጫን የግድ ነው። ግን ድሩፓል የሚችል ሰው ከሌላችሁ ተዉት፣ አፕዴቱን ማን ሊሰራላችሁ ነው? ከ7 ወደ 8 መሻገር እኮ አፕዴት ሳይሆን ሳይቱን እንደገና መገንባት ነበር፣ የ7 ድጋፍ ደግሞ ጃንዋሪ 2025 ላይ ቆሟል።

ቀለም፦ ኧረ ከመጨረሻው አትጀምሩ 😀 መጀመሪያ ያሉትን ገጾች ቁጠሩ፣ ግማሹ የማይነበብ ከሆነ ምን አሸከማችሁ? ማን ይጽፋል፣ ማን ያጸድቃል የሚለውን ወስኑ፣ ከዛ ሁለቱንም በሙከራ ጫንና ጸሐፊዎቹ ራሳቸው አንድ ዜና ይለጥፉበት፣ የሚከብዳቸውን ያኔ ታየዋለህ። ሊንክ ከተቀየረም 301 ሪዳይሬክት (አሮጌውን ሊንክ የከፈተን ሰው ወደ አዲሱ የሚወስድ) እንዳትረሳ፣ ያለሱ ከጎግል የሚመጣው ሰው "ገጹ አልተገኘም" የሚል ላይ ነው የሚያርፈው።

ጠያቂው፦ ሪዳይሬክቱ አንድ በአንድ በእጅ ነው እንዴ?

ቀለም፦ አይ፣ አሮጌውንና አዲሱን ሊንክ ኤክሴል ላይ ጎን ለጎን አስቀምጥ፣ ለሁለቱም በአንዴ የሚያስገባ ፕለጊን ወይ ሞጁል (ድሩፓል ፕለጊኑን የሚጠራበት ስም) አለ።