ታክስ ክሬዲት አፓርትመንት፦ ገቢያችን በ1,328 ዶላር አለፈ ተብለን ተመለስን

ጠያቂ (ሚድዌስት)
ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው ትንሽ ከተማ ነው፤ አዲስ የተከፈተ የታክስ ክሬዲት አፓርትመንት (ባለንብረቱ የታክስ ቅናሽ አግኝቶ፣ ገቢው ከጣሪያ ላላለፈ ሰው በተገደበ ኪራይ የሚያከራየው) ባለ ሦስት መኝታ አመልክተን ነበር። ባለቤቴ በሰዓት 21 ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት ይሠራል። እኔ በ16 ዶላር 14 ሰዓት፤ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ስለሆንኩ ከዚያ በላይ አልችልም። ከሁለት ልጆቻችን ጋር አራት ነን። የ60 ፐርሰንቱ (የአካባቢው መካከለኛ ገቢ 60 ከመቶ) ጣሪያ ለአራት ሰው በዓመት 54,000 ነው፣ የእናንተ 55,328 መጣ አሉን። ለእናቴ በየወሩ የምልከው 300 ዶላር አይቀነስም? አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየምስ ይጻፋል?

ሊዝ ቢሮ
እህቴ፣ መልሱ ራስሽ የጻፍሽው ውስጥ አለ። ያልተወለደው ልጅ ይቆጠራል፤ አምስት ናችሁ። ነፍሰ ጡር መሆንሽን በጽሑፍ አረጋግጠሽ ትፈርሚያለሽ። የአምስት ሰው ጣሪያ ከአራቱ 8 ከመቶ ይበልጣል፤ ስለዚህ 58,320 ነው፣ ታልፋላችሁ። ማናጀሩ ካልጠየቀ ብዙ ሰው ይህን አይናገርም።

ግን ኦቨርታይሙን ተጠንቀቁ። የሚታየው ታክስ ሳይቆረጥ የሚቀጥሉት 12 ወራት ገቢ ነው፤ ፔይ ስተቡ (የደመወዝ ወረቀቱ) ላይ ያለው የዓመቱ ድምር ከሰዓት ክፍያው ስሌት ከበለጠ፣ አብዛኛው ማናጀር ትልቁን ይወስዳል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ በ31.50 ቢጨመር በዓመት 3,276 ነው። የተረፋችሁ 2,992፤ ተመልሳችሁ ወደቃችሁ ማለት ነው። የበዓል ሰሞን ኦቨርታይም ከሆነና የማይቀጥል ከሆነ፣ አሠሪው ቬሪፊኬሽን ፎርሙ (የሥራና የደመወዝ ማረጋገጫው) ላይ ያንኑ ይጻፍ።

ለእናት የሚላክ አይቀነስም። በተቃራኒው ዘመድ በየወሩ ለእናንተ የሚልክ ቢሆን ገቢ ተብሎ ይደመር ነበር።

ቁጥር ወዳድ
ኮንዶሚኒየሙ ይጻፋል፤ ዋጋው ላይ ዕዳውና የመሸጫው ወጪ ተቀንሶ። ከተከራየ ኪራዩ ገቢ ነው። ባዶ ከሆነና ጠቅላላ ንብረታችሁ ከገደቡ ካለፈ (በአሮጌው ደንብ 5,000፣ ሆትማ በሚባለው አዲሱ ደንብ 50,000 ገደማ፣ በየዓመቱ የሚስተካከል) ሀድ (የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት) ባወጣው ወለድ ተሰልቶ ገቢ ላይ ይደመራል። 80,000 ዶላር በ0.45 ከመቶ ቢታሰብ 360 ብር፣ ይቅርታ፣ 360 ዶላር በዓመት ነው። ለዚህች ብሎ መደበቅ ሞኝነት ነው፤ የተደበቀ ንብረት ሲገኝ ሊዙ (የኪራይ ውሉ) ሊሰረዝ ይችላል።

ኪራዩንም ራስሽ አስቢው። ባለ ሦስት መኝታ የሚተመነው በ4.5 ሰው ነው፦ የአራቱና የአምስቱ ጣሪያ አማካይ 56,160፣ 30 ከመቶው ለ12 ሲካፈል 1,404። መብራትና ጋዝ እናንተ የምትከፍሉ ከሆነ የዩቲሊቲ አበሉ (ለእነሱ የተገመተው ወጪ) ከኪራዩ ይቀነሳል፤ 130 ቢሆን ከ1,274 በላይ ሊያስከፍሏችሁ አይችሉም። ከሴክሽን ኤይት (መንግሥት እንደ ገቢያችሁ መጠን የኪራዩን ከፊል ከሚከፍልበት ፕሮግራም) የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራ ቢቆም ኪራዩ አብሮ አይወርድም። የሴክሽን ኤይት ቮውቸር (የኪራይ ድጋፍ ወረቀት) ያለው ሰው ግን ይዞ መግባት ይችላል፣ በቮውቸሩ ምክንያት ብቻ እምቢ ማለት አይፈቀድላቸውም።

ሊዝ ቢሮ
ለሌሎቻችሁ ደግሞ፦ ከ2018 ወዲህ አንዳንድ ሕንጻ የገቢ ጣሪያቸው እስከ 80 ፐርሰንት የሚደርስ ቤቶች ሊኖሩት ይችላል፣ አማካዩ ከ60 እስካላለፈ ድረስ። "60 ሞልቷል" ስትባሉ "70 እና 80 አላችሁ?" በሉ። ዌይቲንግ ሊስቱ የየሕንጻው ነው፤ አንዱ ጋ መመዝገብ ለሌላው አያገለግልም። ከገባችሁ በኋላ ገቢ ቢጨምር በዚያ ምክንያት አያስወጡም።

የቤቱ ሰው ሁሉ ፉል ታይም ተማሪ ከሆነ ግን ይከለከላል፣ ትንንሽ ልጆችም ተማሪ ተብለው ይቆጠራሉ። ጆይንት ታክስ ማስገባት የሚችሉ ባልና ሚስት ከዚህ ነፃ ናቸው።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአምስት ሰው ድጋሚ አስገባለሁ። በዚህ ወር የ6,000 ዶላር እቁብ ይደርሰኛል፤ ባንክ ባስገባው ይበላሽብኛል?

ቁጥር ወዳድ
እቁብ ገቢ አይደለም፤ ቀድሞ ከደረሰሽ ብድር ነው፣ መጨረሻ ላይ ከሆነ ቁጠባ። ማናጀሩ ግን እቁብን አያውቅም፣ በአንድ ቀን 6,000 ሲያይ ያልተነገረ ሥራ ይመስለዋል። ሰብሳቢው በእንግሊዝኛ አጭር ደብዳቤ ይጻፍልሽ፦ የአባላት ብዛት፣ ወርኃዊው መዋጮ፣ የደረሰሽ ቀን። መዋጮሽ በዜል (በስልክ የባንክ ገንዘብ መላኪያ) ወይም በቼክ የወጣበትን ስቴትመንት አያይዢ። ሂሳቡ ላይ ያለው ቀሪ ገንዘብ እንደ ንብረት ይመዘገባል፣ በዚህ አትደንግጪ።