ጥቆማ፦ ጎንደር ላይ የመኪና ባስ ለማስተካከል ብሩ የት ቢውል ይሻላል?

ጠያቂ፦
መኪናው ኮሮላ ሴዳን ነው። የኋላ ኮፈን ውስጥ ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር (የባስ ስፒከር) ከነሳጥኑ አለ፤ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ላይ «2000 ዋት» ተጽፏል። ውጭ የቆመ ሰው ድለቃውን በደንብ ይሰማል፣ ወንበር ላይ የተቀመጠው ግን ከታርጋው መንቀጥቀጥ በቀር ብዙም ባስ አያገኝም። ሻጮቹ «አምፑን በትልቅ ቀይረው» ይላሉ። ልቀይር? ወይስ ሳጥን ሠሪ ጋር ልሂድ? ፒያሳ፣ አራዳ፣ ቅዳሜ ገበያ፣ የት ምን እንደሚሻል የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ማራኪ 12 ቮልት፦
ወንድምዓለም፣ አምፕ ለመቀየር አትቸኩል። መጀመሪያ ሳንቲም የማያስወጣውን ጨርስ። ሰብዉፈሩ ላይ የገቡትን ሁለት ገመዶች፣ ፖዘቲቩን ወደ ኔጌቲቩ አዟዙረህ ግጠምና የምታውቀውን ዘፈን ሹፌር ወንበር ላይ ሆነህ ስማ። ባሱ የጎላበትን አያያዝ እንዳለ ተወው። የበር ስፒከሮቹ ሲገፉ ሰብዉፈሩ የሚስብ ከሆነ፣ በተለይ 80 ኸርዝ አካባቢ፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያጠፋዋል። አምፕ ደከመ እየተባለ ዕቃ የሚቀየረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ሳጥኑን አዙር። ሴዳን ላይ ሰብዉፈሩ ፊቱን ወደ ኋላ መብራቶቹ አዙሮ፣ ሳጥኑ ወደ ኮፈኑ ጫፍ ተጠግቶ ሲቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል፤ ከላሜራው ግን ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የኋላ ወንበሩ የሚታጠፍ ከሆነ አንዱን ጎን አጥፈህ ስማ። ባሱ በአንዴ ከጨመረ የጎደለው ኃይል አይደለም፣ መተላለፊያ ነው። ከኋላው መስታወት ሥር ያለው ላሜራ ላይ ሞላላ ስፒከሮች ካሉ ደግሞ የሰብዉፈሩ ግፊት ከሥር እየመታ ያርገበግባቸዋል፣ የእነሱም የባሱም ድምፅ ይበላሻል። ወይ ከሥር በትንሽ ሳጥን ይከደኑ፣ ወይ ይነሱና ቀዳዳው በስስ ጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ ለባሱ መውጫ ይሁን። የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው።

ቴፑ ላይ ለሰብዉፈሩ ሎው ፓሱን (ከዚያ በታች ያለውን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፈውን) 80 ኸርዝ፣ ለበር ስፒከሮቹ ሃይ ፓሱን (ከዚያ በላይ ያለውን የሚያሳልፈውን) 80 ኸርዝ አድርግ። ባስ ቡስት ዜሮ ይሁን። 12 ዲቢ ቡስት ማለት እዚያ ድምፅ ላይ አምፑን 16 እጥፍ ኃይል መጠየቅ ነው፤ የሚሰነጠቅ ድምፅና የተቃጠለ ኮይል (የስፒከሩ የሽቦ ጥቅል) የሚመጣው ከዚህ ነው።

ዘአዘዞ፦
ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ። ያ ካልፈታው ቀጣዩ ተጠርጣሪ ሳጥኑ ነው። ዝግ ሳጥን ከሆነ ሁለት መዳፍህን የሰብዉፈሩ ፊት ላይ ዘርግተህ እኩል፣ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፋና ልቀቅ። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ሳጥኑ አየር ይይዛል። ወዲያው ዘሎ ከተመለሰ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል፤ ብዙ ጊዜ ገመዱ በሚገባበት ቀዳዳ ወይም በማዕዘኖቹ ነው። ጎኑንም በጣትህ አንኳኳ፤ እንደ ከበሮ ካስተጋባ ጣውላው ቀጭን ነው።

ምንጣፍ ለብሶ ሱቅ ከሚሸጠው ይልቅ ማሠራቱን እመክራለሁ። ወደ አልጋና በር ሠሪ ሳይሆን ወደ ኪችን ካቢኔት ሠሪ ሂድ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ) ላይ ነው የሚውሉት፣ ማሽናቸውም ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፣ ቁራጭም አይጠፋቸውም። ለአንድ ሳጥን ሙሉ ጣውላ አትግዛ፤ 122 በ244 ከሆነው አንድ ጣውላ ሦስት ሳጥን ይወጣል።

ትእዛዙ ይኸውልህ። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ፤ የውስጥ ልኩ 42 በ34 በ22 ሳንቲ ሜትር። ይህ 31 ሊትር ገደማ ነው፣ ለአብዛኛው ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር ዝግ ሳጥን ይስማማል። «የውስጥ ልክ» ብለህ አስረግጠህ ንገረው፤ በውጭ ልክ ከቆረጠው ወደ 22 ሊትር ይወርድና ባሱ ይደርቃል። መጋጠሚያው ሁሉ የእንጨት ኮላ ይቀባ፣ ቪቴ በየ15 ሳንቲ ሜትር ይግባ፣ ከቪቴው በፊት ግን በ3 ሚሊ ሜትር መሮ ይበሳ፤ አለበለዚያ ኤምዲኤፍ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል። ከውስጥ ማዕዘኖቹን በሲሊኮን አስዘጋ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ከሆነ ሰብዉፈሩን ከመግጠምህ በፊት ሳጥኑ ክፍት ሆኖ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይደር፣ ትነቱ የሰብዉፈሩን ማጣበቂያ ይጎዳል። 300 ግራም ያህል የትራስ ፋይበር ውስጡ ብትበትን ድምፁ ይለሰልሳል።

ቺፕውድ ርካሽ ነው ብሎ የሚያግባባህ አይጠፋም። ክረምት ላይ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ሰብዉፈሩን የያዙት ቪቴዎችም በንዝረት ይላላሉ። ውኃ የሚያስገባ ኮፈን ካለህ ደግሞ ከኤምዲኤፍም ኮምፔንሳቶ ይሻላል።

ብዙ ሰው የማያነሳው አንድ ነገር ልጨምር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ ትንሽ ባነሰ ዝቅ ይላል። ሳጥን ውስጥ ያለው አየር ለሰብዉፈሩ እንደ ስፕሪንግ ስለሚያገለግል፣ እዚህ ያ ስፕሪንግ ይላላል፤ ሳጥኑ ሲያንስ ደግሞ መልሶ ይጠነክራል። ስለዚህ የፋብሪካው ወረቀት 35 ሊትር ካለ፣ ጎንደር ላይ ከ28 እስከ 30 ብታደርገው አይጎድልብህም፤ እንዲያውም ኮፈንህ ውስጥ ቦታ ታተርፋለህ።

ጠያቂ፦
ባለ ቱቦው ሳጥን የበለጠ ይመታል ይላሉ፤ እሱስ?

ዘአዘዞ፦
ይመታል፣ ልኩ ከተጠበቀ። 50 ሊትር ሳጥን ላይ የውስጥ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ 36 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም 33 ኸርዝ ላይ ይቃኛል። ሠሪው «ቱቦው ረዘመ» ብሎ 20 ላይ ከቆረጠው ቅኝቱ ወደ 41 ኸርዝ ይዘላል፤ ያኔ ሁሉም ዘፈን አንድ ዓይነት ጉም ጉም ይሆናል፣ ክራሩም ከበሮውም አይለይም። የቱቦው የውስጥ ጫፍም ከሳጥኑ ግድግዳ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ልክ ይዞ የሚሠራልህ ሰው ካላገኘህ ዝጉን አሠራ፤ ዝግ ሳጥን የሁለትና የሦስት ሊትር ስሕተት ይችላል።

ማራኪ 12 ቮልት፦
አሁን ወደ አምፑ። «2000 ዋት» የሚለውን እርሳው፣ ፊውዙን አንብብ። አንድ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ካለው፣ 30 በ13.8 ሲባዛ 414 ዋት ነው፤ ከባትሪ የሚወስደው ያ ነው። የአምፑ ዓይነት ክላስ ዲ ከሆነ ወደ 330፣ ክላስ ኤቢ ከሆነ ወደ 200 ዋት ለስፒከሩ ይሰጣል። ሰብዉፈር ስትገዛም እንደዚሁ ነው። የፓዮኒር ቲኤስ-ኤ300ዲ4 ካርቶን ላይ በትልቁ 1500 ተጽፎ ታያለህ፤ ያለማቋረጥ የሚችለው ግን 500 ነው። ባለ ሁለት ኮይል ስለሆነ ጎን ለጎን ሲያያዝ 2 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ)፣ በተርታ ሲያያዝ 8 ኦም ይሆናል። አምፑ ከ2 ኦም በታች የማይችል ከሆነ ባለ ሁለት 2 ኦም ኮይል ሰብዉፈር አትግዛለት፤ ጎን ለጎን ሲታሰር 1 ኦም ይመጣና አምፑ ሲሞቅ ይዘጋል።

ከዚያ ኬብሉ። የመኪና ሙዚቃ ተብሎ በፓኬት የሚሸጠው ብዙው መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ ጫፉን በምላጭ ፋቅ ስታደርገው ነጭ ይወጣል። ጎንደር ላይ የሚገኘው ጥሩ ምትክ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር የብየዳ ኬብል ነው፦ ንጹሕ መዳብ፣ ክሩ ቀጭን፣ እንደልብ የሚታጠፍ። የብየዳ ዕቃ ከሚሸጡት በሜትር ይገዛል፤ ለኮሮላ 5 ሜትር ተኩል ያህል ይበቃል። እሱንም ከመክፈልህ በፊት ፍቀህ እይ። በፕላስቲክ ቱቦ አልብሰው፣ ከባትሪው በ45 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ፊውዝ አስገባለት። ይህ ፊውዝ ከሌለ ኬብሉ ላሜራ ላይ ተልጦ የነካ ዕለት መኪናው ይቃጠላል፤ «ኋላ አምፑ ላይ አለ» የሚል ኤሌክትሪሻን ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀበል። ኔጌቲቩ ከ50 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ፣ ቀለሙ ብረቱ እስኪያበራ ተፍቆ፣ በራሱ ቡሎን ይታሰር። የቀበቶ ቡሎን ላይ አይሁን።

ሲያልቅ ሞተሩ እየሠራ፣ ባሱ እየመታ፣ አምፑ ጫፍ ላይ በቴስተር ለካ። ባትሪው ላይ 14 ቮልት ኖሮ አምፑ ላይ 13.5 ከወረደ ገመዱን ወይም ኔጌቲቩን ፈልግ፤ ባትሪውም ላይ አብሮ ከወረደ ዲናሞውን አስመርምር። ጌይኑን (አምፑ ላይ ያለውን የማጉያ መጠን መቆጣጠሪያ) በጆሮ አታስተካክል። ሰብዉፈሩን ንቀል፣ የቴፑን ድምፅ ሦስት አራተኛ ላይ አድርግ፣ የ50 ኸርዝ ድምፅ አጫውትና የአምፑን መውጫ በኤሲ ቮልት እየለካህ ጌይኑን ክፈት። 300 ዋት በ2 ኦም ከፈለግህ 24.5 ቮልት ላይ፣ በ4 ኦም ከሆነ 34.6 ላይ አቁም።

አራዳ ሰፈር፦
ስለ ግዢ እኔ ልመልስ። አምፕና አርሲኤ ገመድ (ከቴፑ ወደ አምፑ ድምፅ የሚወስደው) ፒያሳ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ይሻላል፣ አስከፍተህ አስሞክረህ ትወስዳለህ። ያገለገለ ሰብዉፈር ቅዳሜ ገበያ ላይ ካገኘህ ቴስተር ይዘህ ሂድ፤ ባለ 4 ኦሙ ከ3.2 እስከ 3.8 ሊያነብ ይገባል። ፊቱን እኩል ስትገፋው ሲፋቅ ከተሰማህ ኮይሉ ተቃጥሏልና ተወው። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚያስመጣ ሰው የፊውዙን ፎቶ አስቀድሞ ያስልክ። ብሩ ውስን ከሆነ እኔ የማስቀድመው ኬብል፣ ከዚያ ሳጥን፣ አምፕ መጨረሻ ነው።

ለመንቀጥቀጡ፣ ታርጋው ጀርባ ስስ ስፖንጅ ለጥፍ፣ የኮፈኑን ክዳን ከውስጥ አልሙኒየም ለበስ በሆነ ቡቲል (የሚለጠፍ ጎማ) አልብሰው። ለጣሪያ ውኃ መከላከያ የሚሸጠውን ሬንጅ ግን አደራ፤ ፀሐይ ሲመታው ይሸታል፣ ይቀልጣል፣ ዕቃህ ላይ ይንጠባጠባል።

ሌላ ጠያቂ፦
ቪትዝስ?

አራዳ ሰፈር፦
ቪትዝ ኋላው ከወንበሩ ጋር ክፍት ስለሆነ ባሱ አይታፈንም። ባለ 10 ኢንች፣ 18 ሊትር ዝግ ሳጥን ይበቃዋል፣ ፊቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ኋላ በር። ሳጥኑን ወለሉ ላይ በቀበቶ እሠረው፣ የኮብልስቶኑ መንገድ ያንሸራትተዋል። ስኮርታው ለማውጣት ሳጥኑ በቀላሉ እንዲነሳ ገመዱን በሶኬት አስገጥም።