የፖርቱጋልን ሊግ ሙሉ ሲዝን ልከታተል ነው፤ የትኞቹን ጨዋታዎች ልያዝ?

ዳር መስመር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የፖርቱጋል ክለቦችን እስካሁን የማውቃቸው በአውሮፓ ምሽቶች ነው። ይመጣሉ፣ አንድ ትልቅ ቡድን ያስደነግጣሉ፣ ከዚያ ማርች ሳይጋመስ ይጠፋሉ። 2024/25ን ብቻ ውሰዱት። ስፖርቲንግ ኖቬምበር 5 ማንችስተር ሲቲን 4 ለ 1 አሸነፈ፣ ሦስት ሳምንት ቆይቶ እዚያው ሜዳው ላይ በአርሰናል 5 ለ 1 ተሸነፈ። ቤንፊካ ደግሞ አትሌቲኮ ማድሪድን 4 ለ 0 ሸኝቶ በሚቀጥለው የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ በፌይኖርድ 3 ለ 1 ተረታ። ሁለቱም በራሱ ሜዳ፣ በሉዝ ነው። አንድ ምሽት አይቶ ስለ ቡድኑ ምንም ማለት አይቻልም።

አሁን ሊጉን ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ 34ኛው መከታተል ፈልጌያለሁ። ግን የምጠይቀው ሰው ሁሉ "ያሉት ሦስት ቡድኖች ናቸው፣ ምን ያደርግልሃል" ይለኛል። እውነት ነው? አገር ውስጥ የሚሆነውና አውሮፓ ላይ የሚሆነውስ እንዴት ነው የሚገናኘው? ሁሉንም ለማየት ጊዜ የለኝም፣ የግድ መታየት ያለባቸውን ንገሩኝ።

አረንጓዴ አንበሳ፦

ሦስት ቡድኖች ናቸው የሚሉህ ሰዎች ታሪኩን በትክክል ነው የነገሩህ። ሊጉ ከ1934 ጀምሮ ሲካሄድ ከቤንፊካ፣ ከፖርቶና ከስፖርቲንግ ውጪ ዋንጫ ያነሱት ቤሌኔንሴሽ በ1946 እና ቦአቪሽታ በ2001 ብቻ ናቸው። ግን ከዚህ ተነስቶ ሲዝኑ አያጓጓም ማለት ትክክል አይደለም። ሦስቱ ትንንሾቹን አብዛኛውን ጊዜ ስለሚያሸንፉ አንዲት አቻ እንኳን ብዙ ታስከፍላለች። ሌላ ሊግ ላይ ማንም የማያስታውሰው የፌብሩዋሪ 2 ለ 2 እዚህ ሜይ ላይ ዋንጫ ይወስንብሃል።

የሲቲንና የአርሰናልን ነገር ልመልስልህ። በሁለቱ መካከል ቡድናችን ስፖርቲንግ አሰልጣኙን አጥቷል። ሩበን አሞሪም ወደ ማንችስተር ዩናይትድ እንደሚሄድ ከሲቲ ጨዋታ በፊት ታውቆ ነበር። የመጨረሻ ጨዋታው ከሜዳ ውጪ ከብራጋ ጋር ነበር፤ 2 ለ 0 ተመርተን ቆይተን 4 ለ 2 አሸነፍን። በሊጉ 11 ጨዋታ፣ 11 ድል። ከዚያ ዧዎ ፔሬራ ተረከበና ሁሉ ነገር ተናደ። በአርሰናል፣ በሜዳችን በሳንታ ክላራ፣ ከሜዳ ውጪ በሞሬሬንሴ፣ ቤልጅየም ሄደን በክለብ ብሩዥ ተሸነፍን። ዓመቱ ሳያልቅ እሱም ተሰናበተና ሩይ ቦርጅስ መጣ። አንድ ሲዝን፣ ሦስት አሰልጣኝ። የአዲሱ ሰውዬ የመጀመሪያ ጨዋታ ደግሞ ከቤንፊካ ጋር ነበር፣ 1 ለ 0 አሸነፍን፣ ያ ውጤት በኋላ ምን ያህል እንደጠቀመን አሁን ታያለህ።

ፌብሩዋሪ ላይ ዶርትሙንድ በሜዳችን 3 ለ 0 ቀጣንና ከሻምፒዮንስ ሊግ ወጣን። በዚያው ሰሞን በሊጉ ከፖርቶ፣ ከአሩካና ከኤቪኤስ ጋር በተከታታይ አቻ ወጣን። በሚያስገርም ሁኔታ ግን ተረፍን። ሜይ 10 ሉዝ ላይ ከቤንፊካ ጋር 1 ለ 1 ስንለያይ ሁለታችንም 79 ነጥብ ነበረን። እዚህ ሊግ ላይ ነጥብ እኩል ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው የግብ ልዩነት ሳይሆን የእርስ በርስ ውጤት ነው፣ ስለዚህ ያቺ የዲሴምበር 1 ለ 0 ናት ከላይ ያስቀመጠችን። በመጨረሻው ቀን ቪቶሪያ ጊማራይንሽን 2 ለ 0 አሸነፍን፣ ቤንፊካ ብራጋ ላይ አቻ ወጣ፣ 82 ለ 80 አለቀ። ቪክቶር ዮኬሬሽ በሊጉ ብቻ 39 ግብ አግብቶ ወደ አርሰናል ሄደ። እንደዚህ ያለ አጥቂ በዕድሜዬ ለቡድኔ ሲጫወት ዳግም አያለሁ ብዬ አልጠብቅም።

ስለዚህ ከኔ የምትይዘው፦ ደርቢዎቹን ሁሉ እይ፣ በተለይ የመጀመሪያውን ዙር። ሰው የሚያየው የሜይን ነው፣ ሚዛኑን የሚያዘነብለው ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

የሉዝ ንስር፦

አንበሳው የተናገረው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ከአውሮፓ ጨዋታ ቀጥሎ ያለውን የሊግ ጨዋታ እይ ነው። የአውሮፓውን ትተህም ቢሆን እሱን እይ።

ጃንዋሪ 21 ቀን 2025 ባርሴሎና ሉዝ መጣ። ፓቭሊዲስ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሀትሪክ ሠራ፣ 3 ለ 1 መራን፣ 4 ለ 2 መራን፣ በባከነ ሰዓት ራፊኛ አስቆጠረና 5 ለ 4 ተሸነፍን። እስካሁን ያንን ጨዋታ ሳስበው ሆዴ ይላወሳል። ግን ዋንጫውን ያሳጣን እሱ አይደለም። ከአራት ቀን በኋላ በሊጉ ከካዛ ፒያ ጋር ተጫወትን። ካዛ ፒያ የሊዝበን ትንሽ ክለብ ነው፣ በዚያ ሲዝን የሜዳውን ጨዋታ የሚያደርገው ሪዮ ማዮር በምትባል ከተማ ነበር። 3 ለ 1 ተሸነፍን። በቀጣዩ ሳምንት አጋማሽ ደግሞ ቱሪን ሄደን ጁቬንቱስን 2 ለ 0 አሸነፍን! ዓለም የሚያስታውሰው ባርሴሎናንና ጁቬንቱስን ነው፣ የሪዮ ማዮርን ሦስት ነጥብ ግን ማንም አልመለሰልንም። በስንት ነጥብ ነው ዋንጫውን ያጣነው? በሁለት።

ድካም ብቻ አይደለም። ትልቁ ምሽት ላይ ተጋጣሚው ክፍት ሜዳ ይሰጥሃል፣ የኛ ልጆች ደግሞ ፈጣን ናቸው፣ ይሮጣሉ። ካዛ ፒያን የመሰለ ቡድን ግን አምስት ተከላካይ ደርድሮ ይጠብቅሃል፣ አንድ ስህተት ስትሠራ በመልሶ ማጥቃት ይመታሃል። ጭራሽ ሌላ ዓይነት ፈተና ነው፤ በአራት ቀን ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር ለአሰልጣኝም ለተጫዋችም ከባድ ነው።

ሜይን ደግሞ ዝም ብለህ አትለፈው። 2013ን ቤንፊካ ደጋፊ ሆኖ ያለፈ ሰው ይነግርሃል። ሜይ 11 ፖርቶ ላይ ኬልቪን በ92ኛው ደቂቃ አገባብን፣ ሊጉ ሄደ። ሜይ 15 አምስተርዳም ላይ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ የቼልሲው ኢቫኖቪች በ93ኛው ደቂቃ አገባብን። ሜይ 26 በፖርቱጋል ዋንጫ ፍጻሜ በጊማራይንሽ 2 ለ 1 ተሸነፍን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ዋንጫ ከእጃችን ወጣ። ያንን ቡድን ዛሬም እወደዋለሁ።

ሰማያዊ ዘንዶ፦

ሁለታችሁም ዋናውን ነገር ዘላችሁት። የዝውውር መስኮቱን ሳያዩ የፖርቱጋልን ሲዝን መረዳት አይቻልም። ክለቦቻችን የሚኖሩት ተጫዋች ሸጠው ነው። ቤንፊካ ዧዎ ፌሊክስን በ2019 በ126 ሚሊዮን ዩሮ ሸጠ። ኤንዞ ፈርናንዴዝን ደግሞ በጃንዋሪ 2023፣ በገዛው በስድስት ወሩ አካባቢ፣ በ121 ሚሊዮን ዩሮ ለቼልሲ ሰጠው። በሲዝኑ መሃል! ያኔ ቤንፊካ በሊጉም እየመራ ነበር፣ በሻምፒዮንስ ሊግም ገና ነበረበት። ሊጉን አገኘ፣ አውሮፓ ላይ ግን ሩብ ፍጻሜ ላይ ኢንተር አስቆመው።

እኛ ፖርቶዎችም ያው ነን። በ2022 ሉዊስ ዲያዝ ጃንዋሪ ላይ ወደ ሊቨርፑል ሄደ፣ በ91 ነጥብ ግን ሻምፒዮን ሆንን። በ2025 ጋሌኖና ኒኮ ጎንዛሌዝ በአንድ መስኮት ሲወጡ ግን ምንም ማድረግ አልቻልንም። በዚያው ወር አሰልጣኝም ቀየርን፣ ሮማ ከዩሮፓ ሊግ አስወጣን፣ በቤንፊካ በሜዳችንም ከሜዳችን ውጪም 4 ለ 1 ተሸነፍን። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ካልከኝ፣ በ2022 የሄደውን ሰው የሚተካ ተጫዋችም የቆየ አሰልጣኝም ነበረን።

ድል ስታገኝም ያው ነው። በ2011 በሊጉ ሳንሸነፍ ጨረስን፣ 27 ድል ሦስት አቻ፣ ፋልካኦ በዩሮፓ ሊግ ብቻ 17 ግብ አገባ፣ ደብሊን ላይ ብራጋን አሸንፈን ዋንጫ አነሳን። ክረምቱ ሳያልቅ አሰልጣኙ ቪላስ ቦአስ ወደ ቼልሲ፣ ፋልካኦ ወደ አትሌቲኮ ሄዱ። በ2004ም ከሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ በኋላ ሞሪንዮ፣ ዴኮ፣ ካርቫሎ፣ ፓውሎ ፌሬራ በአንድ ክረምት ወጡ። አንተ "ማርች ላይ ይጠፋሉ" ያልከው ከዚህ ጋር ነው የሚያያዘው። ቡድኑ በስሎ ሳያልቅ ይበተናል።

የሁለተኛነት ነገርም አለ። ፖርቱጋል በአውሮፓ ደረጃ ሰባተኛ ስትሆን ሻምፒዮኑ በቀጥታ ሻምፒዮንስ ሊግ ይገባል፣ ሁለተኛው በማጣሪያ ነው። ቤንፊካ በ2025 ክረምት ኒስንና ፌነርባቼን ማለፍ ነበረበት። ማጣሪያው ኦገስት ላይ ነው፣ ልምምድ ገና ሳይጠነክር። ስለዚህ ኦገስትን አትዝለል፣ የክለቡ የዓመት በጀት እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚጫወቱት።

ዳር መስመር፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። የካዛ ፒያውን ጨዋታ ፈልጌ አያለሁ። ከሦስቱ ውጪ ያሉትስ? ብራጋ ጎልቶ ይሰማል፣ ሌሎቹን ግን አላውቃቸውም።

የሰሜኑ ልጅ፦

እኔ የቪቶሪያ ጊማራይንሽ ሰው ነኝ፣ ጥያቄህ ለኔ ነው።

አንበሳው "ሩይ ቦርጅስ መጣ" ብሎ አለፈው። ከየት መጣ? ከኛ ነው የመጣው። በኮንፈረንስ ሊግ ስድስት ጨዋታ ሳንሸነፍ ከቼልሲ ቀጥለን ሁለተኛ ሆነን የጨረስነው በሱ ነው። ዩናይትድ የስፖርቲንግን አሰልጣኝ ወሰደ፣ ስፖርቲንግ ሁለት ወር ሳይሞላ የኛን ወሰደ። ከኛ በታች ያለው ደግሞ ማንን ይውሰድ? ማርች ላይ ሴቪያ ሄደን ከቤቲስ ጋር 2 ለ 2 ወጣን፣ ጊማራይንሽ ላይ ግን 4 ለ 0 ተሸነፍን። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር። ከኛ የሚበልጥ ደጋፊ ያላቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው፣ በከተማችን ልጆች ቤንፊካንና ፖርቶን ሳይሆን የከተማቸውን ክለብ ይደግፋሉ፣ ይሄ በፖርቱጋል የተለመደ አይደለም።

በመጨረሻው ቀን አንበሳው በደስታ የነገረህ 2 ለ 0 ለኛ ምን ማለት እንደነበረ ልንገርህ። ስድስተኛ ሆነን ጨረስን፣ አምስተኛነቱንና የአውሮፓ ቦታውን ሳንታ ክላራ ወሰደው። ሳንታ ክላራ ከአዞረስ ደሴቶች ነው፣ ሜዳው አትላንቲክ መሃል ነው፣ ከሊዝበን ከሁለት ሰዓት በላይ በረራ ይፈልጋል። ያን ሲዝን ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ገና ማደጉ ነበር። በዚያው ሲዝን የ2001ዱ ሻምፒዮን ቦአቪሽታ ወረደ። ሰንጠረዡን ከላይ ብቻ የሚያይ ሰው ይሄ ሁሉ ያመልጠዋል።

ገንዘቡን ካነሳችሁ የቴሌቪዥን መብትም አለ። እዚህ እያንዳንዱ ክለብ ለብቻው ነው የሚደራደረው፣ ቤንፊካማ የሜዳውን ጨዋታ በራሱ ቻናል ያስተላልፋል። በሕግ ከ2028/29 ጀምሮ መብቱ በጋራ ይሸጣል ተብሏል። በቶሎ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ትንንሾቹ ትንሽ ከበረቱ ሦስቱም አውሮፓ ሲሄዱ ይጠቀማሉ፣ በየሳምንቱ ከእውነተኛ ተጋጣሚ ጋር ይጫወታሉና።

ምርጫዬ፦ የኛና የብራጋ ደርቢ፣ ሁለቱንም ዙር፣ ከተሞቹ ጎረቤት ናቸው፣ ጨዋታው ይፋጃል። አንድ የሳንታ ክላራ የሜዳ ጨዋታ ከትልልቆቹ ካንዱ ጋር። ከዚያ የፖርቱጋል ዋንጫ ፍጻሜ ዣሞር ላይ፣ በብሔራዊ ስታዲየሙ፣ ሜይ መጨረሻ። በ2025 ስፖርቲንግ ቤንፊካን 3 ለ 1 አሸንፎ ድርብ ዋንጫ ያነሳው እዚያ ነው፤ ዮኬሬሽ አቻ ያደረገበት ፍጹም ቅጣት ምት ከ90ው በኋላ 11ኛው ደቂቃ ላይ ነበር።

አረንጓዴ አንበሳ፦

ስለ ቦርጅስ ልክ ነህ፣ ከናንተ ነው የወሰድነው። አሞሪምንም በ2020 በ10 ሚሊዮን ዩሮ ከብራጋ ነው ያመጣነው። ዳር መስመር፣ ኦገስት መግቢያ አካባቢ ሱፐር ካፑም አለ፣ ከሱ ጀምር። በ2024 3 ለ 0 እየመራን በፖርቶ 4 ለ 3 የተሸነፍንበት ነው።

ሰማያዊ ዘንዶ፦

በተጨማሪ ሰዓት። ሙሉውን 120 ደቂቃ እየው።